ወደ ሞዴል ባቡር መመለስ፦ ጎጃም ላይ ሆኖ የቱ ይመረጣል?

ጎጃም ሀዲድ አያውቅም። የድሮው የጅቡቲ መስመር አዲስ አበባ ለገሃር ላይ አበቃ፤ አዲሱም ወደዚህ አልዞረም። ሆኖም ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ቁም ሳጥን አናት ላይ የባቡር ሳጥን ያስቀመጠ ሰው አይጠፋም። አንዱ አባቱ በደርግ ጊዜ ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ ሲመለስ ያመጣለት ነው። ሌላው ድሬዳዋ አድጎ በሥራ ዝውውር ወደዚህ የመጣ ነው። ሌላው ውጭ ኖሮ በጡረታው አገሩ የገባ። ልጅ ሆኖ ሲጫወትበት ቆየ። ከዚያ ትምህርት መጣ፣ ሥራ መጣ፣ ትዳር መጣ። አሁን ልጆቹ ራሳቸውን ሲችሉ የድሮው አምሮት ተመለሰ።

ይህ ጽሑፍ ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። ጀማሪ አይደለም። ግን ትቶት የሄደው ነገር ሲመለስ ሌላ ሆኖ ይጠብቀዋል። ያኔ ምርጫው ጥቂት ነበር። ዛሬ ስኬሉም (ባቡሩ ከእውነተኛው ስንት ጊዜ እንደሚያንስ)፣ ኤሌክትሮኒክሱም፣ የሀዲዱም ዓይነት በዝቷል። ዋጋው ደግሞ አይቀመስም።

እኔ ሁሉንም የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ሲበላሽ እዚሁ ይጠገናል ወይ? የሞዴል ባቡር መለዋወጫ ሱቅ ገብተው የሚገዙት ዕቃ አይደለም። በሰው ሻንጣ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በርሊን ወይም ቶኪዮ ያለ ሰው ዓይኑን ሳያሽ የሚመርጠውን እኛ ላንመርጥ እንችላለን።

የድሮውን ማደስ ወይስ አዲስ መግዛት?

ሳጥኑን ያውርዱና መጀመሪያ ትራንስፎርመሩን ለይተው ያውጡ። እንዳይሰኩት። የምሥራቅ ጀርመን ዕቃ ከሆነ የተሠራው ለ220 ቮልት ነው፤ ከእኛ መብራት ጋር ይስማማል። ችግሩ ገመዱ ላይ ነው። በሁለት ጣት ይዘው ቀስ ብለው ያጉብጡት። ላስቲኩ ቀጫጭን ስንጥቅ ካወጣ ወይም እጅዎ ላይ ከተፈረፈረ ገመዱ አብቅቶለታል። ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሰጥተው ያስቀይሩት። ከጃፓን የመጣ ትራንስፎርመር ግን 100 ቮልት፣ ከአሜሪካ የመጣው 120 ቮልት ነው የሚፈልገው። ያንን እዚህ ግድግዳ ላይ መሰካት ማቃጠል ነው።

ቀጥሎ ሎኮሞቲቩ። ባለ 9 ቮልቷን አራት ማዕዘን ባትሪ ይግዙ። ሁለት ቁራጭ ሽቦ ያስሩባት። ሎኮሞቲቩን ይገልብጡና አንዱን ሽቦ ከግራ ጎማ፣ ሌላውን ከቀኝ ጎማ ያስነኩ። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ከሆነ አንደኛው ወገን መብራት የሚያገኘው ከኋላ ካለው የከሰል ተጎታች ሊሆን ስለሚችል እዚያም ይሞክሩ። ሞተሩ ከዞረ ግማሹ ሥራ አልቋል። ካልዞረም ቶሎ ተስፋ አይቁረጡ። አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ አልሞተም፤ ግራሶው ደርቆ አንቆ ይዞት ነው።

ሽፋኑን በትንሽ ካቻቢቴ ይክፈቱ። በማርሾቹ ጥርሶች መሀል ቡናማ፣ ሙጫ የመሰለ ነገር ያያሉ። በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት አንድ በአንድ ይፋቁት። የቀረውን አልኮል በነካ ጥጥ ይጥረጉ። ፋርማሲ የሚሸጠው አልኮል ይበቃል፤ ካቲካላው ለእንግዳ ይቀመጥ። ቀለሙን ግን አያስነኩት፤ በጎን በኩል የተጻፈውን ቁጥር ይዞት ይሄዳል። ሲደርቅ ዘንጉ በሚዞርበት ቦታ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ያድርጉ። በመርፌ ጫፍ፣ አንዲት ጠብታ። ዘይቱ በዝቶ የሞተሩ ካርቦን ጋ ከደረሰ ሞተሩ መብረቅረቅና መጋል ይጀምራል።

የማይድኑ ሕመሞች ሁለት ናቸው። አንዱ የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ማርሽ ነው። ባቡሩ ሲሄድ በየዙሩ ቀጭ ቀጭ ካለ እሱ ነው። ምትኩ ለታወቁ ሞዴሎች ይገኛል፤ ለሌሎቹ ግን ከሌላ አሮጌ ሎኮሞቲቭ ነቅሎ ማምጣት ሊያስፈልግ ነው። ሁለተኛው የብረቱ መፈርፈር ነው። ከዚንክ ቅይጥ የተሠራው ሻሲ፣ ሲሠራ ቆሻሻ ከገባበት፣ ከዓመታት በኋላ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይፈረካከሳል። ለዚያ መድኃኒት የለውም። የጎማው ቀለበት ላስቲክ መድረቅ ግን ምንም ማለት አይደለም፤ ተቀይሮ ይኬዳል።

እንግዲህ ሎኮሞቲቩ ከዞረ፣ ያድሱ ባይ ነኝ። ሀዲዱን ግን አያድሱ። የድሮው ሀዲድ ብዙ ጊዜ ብረት ወይም ነሐስ ነው። ብረቱ በጣና ዳር እርጥበት ይዝጋል፤ ነሐሱም ቶሎ ይጠቁርና መብራት አላሳልፍ ይላል። አዲሶቹ ከመዳብ፣ ከኒኬልና ከዚንክ ቅይጥ የተሠሩ ናቸው። ጥራት ያለው አዲስ ሀዲድና የታደሰ የድሮ ሎኮሞቲቭ፣ ይሄ ለእኔ ከሁሉ የተሻለው መነሻ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አስቀድመው ይዩ። የድሮ ጎማዎች ወደ ውስጥ ያለው ከንፈራቸው ረጅም ነው። በዛሬው ቀጭን ሀዲድ ላይ ሲሄዱ ከንፈሩ የሀዲዱን ማሰሪያ እየመታ ይንጫጫል። ኤችኦ ለሚባለው ስኬል ሀዲድ ሲያዝዙ የሀዲዱ ከፍታ 2.5 ሚሊ ሜትር የሆነውን ይምረጡ፣ ከዚያ ችግር የለም። ማያያዣ መንጠቆውም ተለውጧል። የድሮውና የአዲሱ ፉርጎ ካልተያያዙ፣ በአንድ ፉርጎ ፊትና ኋላ የተለያየ መንጠቆ ገጥሞ ማገናኘት ይቻላል።

የጀርመኑ ኩባንያ የማርክሊን ሳጥን ያለው ሰው ደግሞ ብቻውን ነው። የማርክሊን ኤችኦ መሀል ላይ ሦስተኛ መስመር አለው፤ የድሮው በ16 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። የሌላ ኩባንያ ሀዲድ ላይ አይሄድም። ዕቃው ግን እንደ ብረት ምጣድ ዕድሜ ይስጠው የተባለ ነው። ያ ካለዎት እዚያው ማርክሊን ውስጥ ይቆዩ፣ ወዲያ ወዲህ አይበሉ።

ስኬሉስ?

አንዴ የመረጡት ስኬል ሀዲዱን፣ ቤቱን፣ ሰዉን፣ ዛፉን ሁሉ ይወስናል።

ዳርና ዳር ያሉትን ቶሎ እንለፋቸው። ጂ የሚባለው፣ ሀዲዱ 45 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ ለግቢ የታሰበ ነው። ሰፊ ግቢ ላለው ሰው ያጓጓል። ግን ክረምት አለ፣ ጭቃ አለ፣ የጎረቤት ልጆች አሉ። አንድ ሎኮሞቲቭ ብቻውን የመንገደኛውን ሻንጣ ይሞላል። ዜድ በተቃራኒው 1 ለ220 ነው፣ ሀዲዱም 6.5 ሚሊ ሜትር ብቻ። የእጅ ጥበቡን አደንቃለሁ፤ ለእኛ አቧራ ግን አልመክርም።

የሚቀሩት ኤችኦ፣ ቲቲ እና ኤን ናቸው። ኤችኦ 1 ለ87 ነው፤ የሀዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር። ቲቲ 1 ለ120፣ 12 ሚሊ ሜትር። ኤን 1 ለ160፣ 9 ሚሊ ሜትር፤ የጃፓኖቹ ኤን ግን አብዛኛው 1 ለ150 ነው።

ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም፣ በባቡር እንለካው። ዘመናዊው የአውሮፓ የመንገደኛ ፉርጎ 26.4 ሜትር ይረዝማል። በኤችኦ 30 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ በቲቲ 22፣ በኤን 16.5። አራት ፉርጎና አንድ ሎኮሞቲቭ ሲቀጠሉ በኤችኦ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር፣ በቲቲ 1 ሜትር ከ4፣ በኤን 78 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ጣቢያዎ ቢያንስ ያን ያህል ርዝመት ይፈልጋል። ከዚያ ኩርባው አለ። ሳጥን ውስጥ የሚመጣው ትንሹ የኤችኦ ኩርባ ሬዲየሱ 36 ሳንቲ ሜትር ነው። ባቡሩ ዞሮ እንዲመለስ የጠረጴዛው ስፋት ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ መሆን አለበት። ለቲቲ 75 ይበቃል፣ ለኤን 50።

በቦታ ብቻ ከሆነ ኤን ያሸንፋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለ ሰው በኤን አንድ ሙሉ ከተማ ይሠራል። በሻንጣም ቢሆን ኤን ቀላል ነው። ግን ሁለት ነገር ይቃወመዋል። አንደኛው አቧራ። የኤን ሎኮሞቲቭ ቀላል ስለሆነ ሀዲዱን አጥብቆ አይረግጥም፤ ትንሽ ቆሻሻ ካለ መብራቱ ይቋረጥበትና ቀጥ ይላል። በበጋ መስኮት ከፍተን በምንውልበት አገር በየጊዜው ሀዲድ መጥረግ ሊሆን ነው። ሁለተኛው ዓይን ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ የሚመለስ ሰው መነጽር የጀመረ ሰው ነው። 9 ሚሊ ሜትር ሀዲድ ላይ ስምንት ጎማ አስተካክሎ ማስቀመጥ ወገብም ዓይንም ይፈልጋል። በዚያ ላይ መብራት የሚንቀጠቀጥበት ሰፈር ከሆነ፣ እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ ነው ነገሩ።

ኤችኦ ከባድ ነው፤ ያ ጥሩ ነገር ነው። አቧራ ላይ ይታገሣል። ሲከፍቱት ውስጡ ይታያል፣ ሽቦው በእጅ ይያዛል፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ባለሙያ ጠረጴዛው ላይ ሊሠራው ይችላል። ያገለገለ ዕቃም በብዛት የሚገኘው በኤችኦ ነው። ጠላቱ ቦታና ክብደት ብቻ ናቸው።

ቲቲ መሀል ሰፋሪ ነው። ለረጅም ጊዜ የምሥራቅ አውሮፓ ነገር ተደርጎ ቆየ። ቲቲ ይሠራ የነበረው የምሥራቅ በርሊኑ ፋብሪካ ከጀርመን ውህደት በኋላ ቲሊግ ወደሚባል ኩባንያ ተላለፈ፤ ቲሊግ ዛሬም እያመረተ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የእንግሊዙ ሆርንቢ ቲቲ ጀመረ። ስለዚህ «የአባቴ ባቡር ስኬሉ ሞቷል» ብለው ከሆነ፣ አልሞተም። እንዲያውም ነፍስ ዘርቷል። የምርቱ ዓይነት ግን አሁንም ከኤችኦ ያንሳል።

ፍርዴ ይኸው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቲቲ ከሆነ በቲቲ ይቀጥሉ። ምንም ከሌለዎትና አንድ ክፍል ካለዎት ኤችኦ። ኤን የምለው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፦ ቤቱ ጠባብ፣ ዓይኑ ደህና፣ ትዕግሥቱ ሰፊ ለሆነ። ከእንግሊዝ የመጣ የድሮ ሆርንቢ ያለው ሰው ደግሞ ስኬሉ 1 ለ76 መሆኑን ይወቅ። በኤችኦ ሀዲድ ላይ ይሄዳል፤ የኤችኦ ቤትና ሰው አጠገቡ ሲቆም ግን ያጥራል።

አናሎግ ወይስ ዲጂታል?

እርስዎ ሲተዉት ሁሉም አናሎግ ነበር። መዘውሩን ሲያዞሩ ሀዲዱ ላይ ያለው ቮልት ይጨምራል፣ ባቡሩ ይፈጥናል። ሁለት ባቡር አንድ ሀዲድ ላይ ካለ ሁለቱም አብረው ይነሣሉ። በዲጂታል ግን ሀዲዱ ላይ ሁልጊዜ ሙሉ ኃይል አለ። ሎኮሞቲቩ ውስጥ ዲኮደር የምትባል ትንሽ ሰሌዳ ትቀመጣለች፤ ቁጥር አላት፤ የተጠራችው ብቻ ትሄዳለች። ከፋብሪካ ስትወጣ ቁጥሯ አብዛኛውን ጊዜ 3 ነው። ድምፅ፣ መብራት፣ ቀስ ብሎ መነሣት ሁሉ የእሷ ሥራ ነው። ዲሲሲ የሚባለው የጋራ ደረጃ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ስለሆነ፣ የአንዱ ኩባንያ ዲኮደር ከሌላው መቆጣጠሪያ ጋር ይግባባል።

ዲጂታል ይማርካል። አንዴ ድምፅ ያለው ሎኮሞቲቭ ከጣቢያ ሲነሣ የሰማ ሰው ወደ ኋላ መመለስ ይከብደዋል። ግን ከመጠምጠም መማር ይቅደም። አንድ ወይም ሁለት ሎኮሞቲቭ ላለው ሰው አናሎግ ምንም አላጎደለበትም።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ፦ መብራት። አናሎግ የሚፈልገው 12 ቮልት ነው። ይህ የመኪናና የሶላር ባትሪ ቮልት ነው። መብራት ሲሄድ ባትሪውን ከትንሽ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ጋር አገናኝቶ መጫወት ይቻላል። ከኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የሚገዛው፣ የአነስተኛ ሞተር ፍጥነት መቀነሻ ይበቃል። ባትሪና ሀዲድ መሀል ግን የ1 አምፔር ፊውዝ ግዴታ ነው። ፉርጎ ከሀዲድ ወጥቶ ሁለቱን መስመር ካገናኘ፣ የመኪና ባትሪ ሽቦውን አግሎ ቤት ሊያቃጥል ይችላል። ቀልድ የለውም። ሌላም አለ፦ አንዳንድ አዳዲስ ሎኮሞቲቮች ኮርለስ የሚባል ስስ ሞተር አላቸው፤ ርካሹ መቆጣጠሪያ እሱን ያግለዋል። ለድሮ ሞተር ግን ችግር የለበትም።

ዲጂታል ከመረጡ መቆጣጠሪያው ኮምፒውተር መሆኑን አይርሱ። ከፍና ዝቅ የሚል መብራት አይወድም። ከስታቢላይዘር በኋላ ይሰኩት። ዜድ21 የሚባለው የሮኮ ኩባንያ መቆጣጠሪያ በስልክ ስለሚታዘዝ ለልጆችም ይመቻል። ኤሌክትሮኒክስ የሚነካካ ሰው ካለ ደግሞ ዲሲሲ-ኢኤክስ የሚባለውን ይሞክር። አርዱይኖ በሚባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ የሚጫን ነፃ ሶፍትዌር ነው። ተቃጠለ ቢባል የሚቀየረው ሰሌዳ ውድ አይደለም፤ ኢንጂነሪንግ የሚማር ልጅም እንዴት እንደሚሠራ ይገባዋል። እዚሁ መጠገን ለሚለው መለኪያዬ ከሁሉ የቀረበው ይህ ነው።

የድሮ ሎኮሞቲቭ ላይ ዲኮደር መግጠም ይቻላል፤ ግን ሁለቱም የሞተሩ ካርቦኖች ከሻሲው ብረት መነጠል አለባቸው። አንዱ ከሻሲው ከነካ ዲኮደሯ ወዲያው ትቃጠላለች። አዲስ ከሆነ መሰኪያ አለው፤ መግዛት ያለብዎት ከመሰኪያው ጋር የምትገጥመውን ነው፣ ባለ 8፣ ባለ 18 ወይም ባለ 21 እግር። የእኔ ምክር፦ ሎኮሞቲቩን መሰኪያ ያለው፣ ዲኮደር የሌለው ይግዙ። በአናሎግ ይጀምሩ። ሦስተኛው ሎኮሞቲቭ ሲመጣ ያስቡበት። ዲኮደር የሌለው ሎኮሞቲቭ ግን ዲጂታል ሀዲድ ላይ አያቁሙ፤ ቆሞ እየጮኸ ሞተሩ ይግላል።

ሀዲዱ

እዚህ ላይ ምርጫው ቀላል ነው። አንደኛው ዓይነት የፕላስቲክ መሠረት ያለው፣ ቀጭ ተደርጎ የሚገጠም ነው። ምንጣፍ ላይ ዘርግተው ማታ ይሰበስቡታል። ሁለተኛው ባዶ ሀዲድ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ተቸንክሮ ጠጠር ይለጠፍበታል። ከሁለተኛው ወገን በፈለጉት ኩርባ የሚታጠፈው ረጅሙ ሀዲድ ከሁሉ ያምራል፣ በሜትርም ርካሽ ነው። ግን 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ለብቻው በካርቶን ቢመጣ ደግሞ ተጣሞ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ቁርጥራጩን ይግዙ፤ በየመገጣጠሚያው ሽቦ ያስበይዱበት።

መለወጫው ላይ አይቆጥቡ። ባቡሩን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚያዞረው ክፍል ርካሽ ከሆነ፣ ከሀዲድ መውጣቱ ሁሉ እዚያ ላይ ይሆናል። ሞተር ያለው መለወጫ መጀመሪያ አያስፈልግዎትም። በእጅ የሚገፋው ይበቃል።

ጠረጴዛውና ክረምቱ

ኮምፔርሳቶ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይሸጣል። አንዱ ሙሉ ሉህ ለኤችኦ ሁለት፣ ሲጠብም ሦስት ዙር ሀዲድ ይይዛል። ከሥሩ የሞራሌ ፍሬም ያሠሩለት። አናጢው «ጋሼ፣ የምን ገበታ ነው ይሄ፣ ሰርግ አለ እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ቀጥ ብሎ የደረቀ እንጨት እንዲሰጥዎት ብቻ ይማጸኑት። አዲስ የተሰነጠቀ ባሕር ዛፍ በበጋ ተጣሞ ሀዲዱን ይዞት ይነሣል።

ባሕር ዳር ላይ እርጥበቱ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ዝናቡ ነው ችግሩ። እንጨቱን ላይና ታች፣ ጠርዙንም ጭምር ቀለም ይቀቡት። ሥራውን በበጋ ከሠሩ በክረምት ያብጣል፤ በክረምት ከሠሩ በበጋ ይሸበሸባልና ሀዲዱን ይገፋዋል። በየመገጣጠሚያው ወረቀት የምታሳልፍ ክፍተት መተው ይህን ይፈታዋል። ባዶ ክፍል የሌለው ሰው ግድግዳ ላይ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደርደሪያ ይሥራ። ዙር አይኖረውም፤ ባቡሩ ወዲያና ወዲህ እያለ ፉርጎ የሚለይበት ጣቢያ ይሆናል። ለእኔ ከዙሩ ይልቅ ያኛው አይሰለችም።

የቱን አገር ባቡር?

ይሄ ነው የሚያጣፍጠው። ብዙ ሰው የጀርመን መንደር ይሠራል፤ ዕቃው ተዘጋጅቶ ስለሚሸጥ። ምንም አይደለም። ግን የአባይ ማዶ ሰው ሆኖ ጥቁር ጫካ መሥራት ለእኔ አይጥመኝም።

የአገራችንን የድሮ መስመር መሥራት የሚፈልግ ሰው ስፋቱን ይወቅ። የጅቡቲ ባቡር ሀዲዱ 1 ሜትር ነበር። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀመረ፤ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ደረሰ። 1 ሜትር በኤችኦ ስኬል 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይኸውም የቲቲ ሀዲድ ስፋት ነው። የአባቱን የቲቲ ሳጥን የያዘ ሰው ሀዲዱና የጎማው ክፍል በእጁ አለ ማለት ነው፤ አናቱን ብቻ በኤችኦ ልክ ከካርቶን ሠርቶ ያስቀምጥበታል። ተሠርቶ የሚሸጠው የ1 ሜትር ሞዴል በዋናነት የስዊስ ባቡር ነው፣ ቤሞ የሚባል ኩባንያ የሚሠራው፤ ዋጋውም ያስደነግጣል። አዲሱን የጅቡቲ መስመር ለሚመርጥ ግን ሀዲዱ 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ መደበኛው ኤችኦ ይገጥመዋል። ላዩ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ መዘርጋትም አለ፣ ያ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ሦስተኛው መንገድ የሌለውን መሥራት ነው። ባቡር ከደጀን ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር ቢገባስ? ቡሬ ላይ ከዘይት ፋብሪካው ጎን ሁለት የዘይት ቦቴ ይቁም። እንጅባራ ላይ የከሰል ፉርጎ ይሞላ፤ ለጭነቱ እውነተኛ ከሰል ወቅጠው በሻይ ወንፊት ይንፉት። ከእንጅባራ አካባቢ የሚመጣው ቀርከሃ ሲሰነጠቅ አጥርም ድልድይም ይወጣዋል። ሳር ቤት ከጤፍ ጭድ። ተራራ ከጀሶና ከአሮጌ ጋዜጣ። ባሕር ዳር ወደቡ ላይ ደግሞ ታንኳ፦ ከመጥረጊያ ላይ የተነቀለ ቀጭን ሰበዝ በክር አስረው ጫፉን ወደ ላይ ቀና ያድርጉት። በኤችኦ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ትሆናለች። ይህ ሁሉ በሻንጣ የማይመጣ፣ የማያልቅ ዕቃ ነው።

ልክ ልኩን ለመሥራት ግን አይሞክሩ። ባሕር ዳር ያለው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ በኤችኦ ከ4 ሜትር ይበልጣል። የአባይ በረሃ ጥልቀቱ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በኤችኦ ከ11 ሜትር በላይ ሊሆን ነው። ጣሪያ ይበሳል። ማሳጠር የግድ ነው። ዳገቱም ልክ አለው። ባቡር በ1 ሜትር ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ ከወጣ ፉርጎ መጎተት ያቅተዋል። አንዱ መስመር በሌላው ላይ እንዲያልፍ በኤችኦ 9 ሳንቲ ሜትር ያህል መነሣት አለበት፤ ለዚያ 3 ሜትር መውጫ፣ 3 ሜትር መውረጃ ያስፈልጋል። በአንድ ኮምፔርሳቶ ላይ ይህ ጭንቅ ነው። ደጀንን ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ፣ ባሕር ዳርን ጠረጴዛው ላይ አድርገው መሀሉን ለዓይን መተው ይሻላል። ከመቁረጥዎ በፊት ኤክስትራክካድ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ይሳሉት።

ማስመጣቱ

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ በብር ሲተመን ራስ ያዞራል። ስለዚህ ማስጀመሪያ ሳጥን የሚባለውን አልንቀውም። አንድ ሎኮሞቲቭ፣ ሁለት ሦስት ፉርጎ፣ ዙር ሀዲድና መቆጣጠሪያ አብረው ይመጣሉ፤ አንድ በአንድ ከመግዛት ይረክሳል። ሎኮሞቲቭ ያለው ሰው ግን ሳጥኑን ትቶ ሀዲድና መቆጣጠሪያ ብቻ ያስመጣ።

ያገለገለ ከሆነ ሲሄድ የሚያሳይ ቪዲዮ ይጠይቁ። ሻጩ «አልሞከርኩትም» ካለ ለመለዋወጫ እንደገዙት ይቁጠሩት። ሎኮሞቲቩ በእጅ ሻንጣ ይምጣ፣ ሀዲዱ በትልቁ። ማጽጃ ፈሳሽና ቀለም አያሲዙ፤ አውሮፕላን ላይ ጣጣ ነው፣ እዚህም ይገኛል። ከዕቃው ጋር ትርፍ የጎማ ላስቲክ፣ አንድ ጥንድ የሞተር ካርቦንና ጥቂት የሀዲድ ማገናኛ ይጨመር፤ ሦስቱም አንድ ፖስታ ውስጥ ይገባሉ። ሰውየው ቦታ ለመቆጠብ ማሸጊያውን ቢጥል እንኳ ውስጡ ያለችውን የታጠፈች ወረቀት እንዳይጥላት አደራ ይበሉት። የእያንዳንዱ መለዋወጫ ቁጥር የተጻፈው እሷ ላይ ነው።